ወንድሜ ሐሺሽ ያጣ ጊዜ

ጦርነቱ ቆቦን አልፎ ወደ ወልድያ ሲቃረብ ሰው ሁሉ ፍራሽና ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ወደ ደሴ ይነጉድ ነበር። ከደሴ ወደ እኛ ሲመጣ ያየሁት ሰው ታላቅ ወንድሜ ብቻ ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ነው። በሐራ በኩል ወደ ሚሌ፣ ከሚሌም ወደ ጅቡቲ እየተመላለሰ ግማሽ ዕድሜውን መሪ ጨብጦ ያሳለፈ ሰው። መኪናውን ደሴ አቁሞ፣ ባገኘው ሚኒባስ ተንጠላጥሎ፣ የቀረውን በእግሩ ጨርሶ መርሳ ገባ። የመጣው አባትና እናታችንን ይዞ ሊወጣ ነው።

እኔ ወልድያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቹ ሲበተኑ እኔም ወላጆቼ ዘንድ ወርጄ ነበር። አባቴ ግን ከቤታቸው ንቅንቅ አልል አሉ።

«እኔ የት ነው የምሄደው?» አሉ፣ ደጃፍ ካለችው አግዳሚ ላይ እንደተቀመጡ። «ደሴ ማን አለኝ? ሞት ከመጣም ቀብሬ እዚሁ ነው።»

«አባየ፣ ስለ ሞት አይደለም የማወራው። ዛሬ መኪና አለ፤ ነገ ላይኖር ይችላል» አላቸው ወንድሜ።

«እናንተ ሂዱ። እኛን አላህ ይጠብቀናል።»

ማን ትቷቸው ይሄዳል? ስንለምናቸው ቀኑ መሸ፤ በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። ወንድሜ ሊያወጣን መጥቶ ከእኛው ጋር ቀረ። ከባድ መሣሪያው መርሳ አጠገብ ማጓራት ሲጀምር ግን አባቴም ቃላቸውን አጠፉ። በቅሎ ተውሰን፣ እናቴን አስቀምጠን፣ ከከተማው ወጣ ብላ ቆላ ውስጥ ወደምትኖረው አክስታችን ቤት ሄድን። በቤቱ ጀርባ የመስኖ ቦይ ያልፋል፤ ከቦዩ ማዶ ማሽላው ገና ጉልበት ላይ ደርሷል። ጥይት ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አይሰማም። «አብሽሩ፣ ይህ ያልፋል» ትለናለች አክስታችን፣ ያላትን ምንጣፍ ሁሉ እያነጠፈች።

ወንድሜ መታመም የጀመረው እዚያ ገና ሳንሰነብት ነው። መጀመሪያ ምግብ ጠላ። ቤት ሲመጣ ሁለተኛ እንጀራ ሳይጨመርለት ከማዕድ የማይነሣ ሰው ነበር፤ እናቴ «ልጄ አፊያ ነው» እያለች የምትኮራው በምግቡና በእንቅልፉ ነው። አሁን አንድ ጉርሻ አፉ ውስጥ እያገላበጠ ይቆይና ወጥቶ ይተፋዋል። ጠዋት ሲነሣ ጋቢው በላብ ርሶ ይጨመቃል። እጁ ይንቀጠቀጣል። የአክስታችን ዶሮ ብትጮህ እንኳ ይቆጣል። አንድ ቀን አባቴ ሰላት እንዲሰግድ ሲጠሩት «ተዉኝ አላልኳችሁም እንዴ!» ብሎ ጮኸባቸው። በሕይወቱ ሙሉ አባቴ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። አባቴ ውዱእ የሚያደርጉበትን ማንቆርቆሪያ ይዘው ወጡ።

እናቴ ወባ ነው አለች። መርሳ ውስጥ ላብና ምግብ መጥላት ከታየ ሌላ ምን ይታሰባል? እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ ታደርግለታለች። አባቴ በበኩላቸው ውሃ ላይ ቁርአን እየቀሩ ያጠጡታል። እኔ ግን ጠጋ ብዬ ሳየው ወባ አልመሰለኝም። አይበርደውም። ግንባሩ አይግልም። ላቡም የሚመጣው ለአፍታ ሲያሸልበው ነው። ደግሞ ትኩሳት የያዘው ሰው ይተኛል እንጂ፣ እንደሱ ከቤት ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ቤት አይንቆራጠጥም።

አንድ ረፋድ ቦዩ ዳር ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«ወንድም ዓለም፣ ምን አቋርጠህ ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ስትጠቀምበት ቆይተህ አሁን ያጣኸው ነገር አለ። ጫት ብቻ አይደለም። ጫት ያጣ ሰው ይደበታል፣ ይተኛል።»

ጠጠር አንሥቶ ውሃው ውስጥ ጣለ። ከዚያ «ሐሺሽ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለእናቴ እንዳትነግሪያት።»

ታሪኩን ቀስ በቀስ ነገረኝ። ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከፊቱ የሚነዳ ጓደኛው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት፣ ዓይኑ እያየ ገደል ገባ። ወርደው ሬሳውን ካወጡት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር የጓደኛው መኪና የኋላ መብራት ይታየዋል፤ ቀይ ሆኖ፣ ወደ ታች እየወረደ። አንድ የሥራ ባልደረባው በረሃ ላይ ሲያድሩ አስጨሰው። ያን ዕለት ተኛ።

«ሾፌር ሲነዳ ይቅማል» አለኝ። «ሲያድር ደግሞ ምርቃናውን የሚሰብርለት ነገር ይፈልጋል። ሌሎቹ ጨብሲ ብለው ቢራቸውን ይጠጣሉ። እኔ መጠጥ ሐራም ነው ብዬ ሐሺሹን ያዝኩ። ቅጠል አይደል፣ ብዬ!» በራሱ ንግግር ፈገግ አለ። «መጀመሪያ ለእንቅልፍ ነበር። በኋላ ለምግብም ሆነ። ከዚያ ለሳቅም ሆነ። ቤት ስመጣ የምታዩት ሁሉ፣ ያ የምስቀው፣ ያ የምበላው፣ እሱን አጭሼ ነው። ያለ እሱ ማን እንደሆንኩ ረስቻለሁ።»

የነገረኝ ነገር ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ በየዓመቱ የማስተምረው ትምህርት ነው። ትምህርቱ ግን ከሰሌዳ ወርዶ አጠገቤ ተቀምጦ አያውቅም ነበር።

«ሐሺሽ አንጎል ውስጥ የሚሠራው በር ስላገኘ ነው» አልኩት። «በሩ ግን ለሐሺሽ አልተሠራም። አንጎላችን ራሱ የሚያመርተው ንጥረ ነገር አለ። አንዱን አናንዳማይድ ይሉታል፤ ስሙን ያወጡለት በሕንዶች ጥንታዊ ቋንቋ ፍስሐ ማለት ከሆነ ቃል ነው። ሥራው ማብረድ ነው። አንዱ የነርቭ ሴል ሌላው ላይ መልእክት ሲያበዛ፣ ተቀባዩ ያንን ንጥረ ነገር ወደ ኋላ ይልክና ‹በቃ፣ ሰምቻለሁ፣ ቀስ በል› ይለዋል። ረሃብን፣ እንቅልፍን፣ ፍርሃትን፣ ደስታንም በልክ በልኩ የሚያደርግ እሱ ነው። የተሰጠን በጠብታ ነው። ሲያስፈልግ ይመረታል፤ ሥራውን ሲጨርስ ይጠፋል። ሐሺሹ ግን በዚያው በር በጎርፍ ይገባል። ቶሎም አይወጣም።»

ቦዩን በእጄ አሳየሁት።

«ጎርፍ ሲመጣ ገበሬው ምን ያደርጋል?»

«ወደ ማሳው የሚገባበትን ይደፍናል።»

«አንጎልህም እንደዚያ አደረገ። ሲበዛበት በሮቹን ቀነሰ፤ የቀሩትም ደነዘዙ። አሁን ጎርፉ ቀረ። በሮቹ ግን ገና አልተከፈቱም። የራስህ ጠብታ ብቻዋን አልበቃችህም። ላቡም፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ ንዴቱም ያ ነው።»

«ይከፈታሉ?»

«ይከፈታሉ። ሳምንታት ይፈጃል እንጂ ይከፈታሉ።»

«ሳምንታት!» አለና ሳቀ። «መድፍ እየተተኮሰ ሳምንታት!»

እውነቱን ነው። ክፉ ጊዜ ነበር የመጣበት። ይህ የአንጎል ሥርዓት ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ፍርሃትን ማስረሳት ነው። መርሳት ስል ነገሩን ከአእምሮ መፋቅ ማለቴ አይደለም፤ ያስደነገጠን ድምፅ ያለ ጉዳት ደጋግሞ ሲያልፍ «ይህኛው አይገድልም» ብሎ ሰውነትን ማሳመን ነው። ከባድ መሣሪያ በራሳችን ላይ ሲያልፍ ሁላችንም መሬት ላይ እንደፋለን። ካለፈ በኋላ እናቴ ተነሥታ ጎመኗን ትቀነጥሳለች። አባቴ ዚክራቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ወንድሜ ግን ቀኑን ሙሉ እንደተደፋ ነው። ተነሥቶ ቢቆምም ውስጡ አልተነሣም። ለእኛ የምትበቃን ጠብታ እሱ ዘንድ አልነበረችም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር አገኘሁት።

«ወዴት ነው?»

«መርሳ። የሚሸጥ አንድ ሰው አውቃለሁ።»

«አብደሃል እንዴ? ታጣቂ በሞላበት ከተማ?»

«እታለም፣ አትከልክይኝ። ብትከለክይኝም እሄዳለሁ።»

ዓይኑን ሳይ እንደሚሄድ አወቅሁ። ወንድ ብቻውን ሆኖ መንገድ ላይ ከሚያገኙት፣ ሴት አብራው ብትሆን ይሻላል ብዬ ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኩት። እናቴን የወባ መድኃኒት ልንፈልግለት ነው አልኳት። ዱዓ አድርጋ ሸኘችን።

ወደ አስፋልቱ ልንወጣ ስንል ሦስት ታጣቂዎች አስቆሙን። አንደኛው፣ በዕድሜ ጠና ያለው፣ ቀረብ ብሎ ጠየቀን።

«ወዴት ናችሁ?»

«መርሳ» አልኩ። «ወንድሜን ወባ ይዞት መድኃኒት ልንፈልግ ነው።»

ወንድሜን ከላይ እስከ ታች አየው። እጁ ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«ሥራህ ምንድነው?»

ሾፌር ይፈለግ እንደነበር ሰምተናል። መኪና መንዳት የሚችል ሰው ከተገኘ ይወሰዳል፤ ተወስደው ወሬያቸው የጠፋ ነበሩ።

«ገበሬ ነው» አልኩ።

«እሱ አፍ የለውም?»

«ገበሬ ነኝ» አለ ወንድሜ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ጺሙ ውስጥ ይገባል። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ሰውየው እጁን ሰዶ ክንዱን ያዘው፤ ክንዱም እንደ ቅጠል ይርገፈገፍ ነበር። ወዲያው ለቀቀውና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ይህማ ያለቀለት ነው» አለ ለጓደኞቹ። ወደ እኔ ዞሮ «ሂዱ። ከተማ ውስጥ አትቆዩ» አለኝ።

ያን ቀን ያዳነው ሕመሙ ነው። ሐሺሹን ቢያገኝ ኖሮ ተረጋግቶና ደረቱን ነፍቶ ይቆም ነበር፤ እንደ ሾፌር።

መርሳ ጭር ብላለች። ብርቱካንና ማንጎ በአስፋልቱ ዳርና ዳር ተደርድሮ የሚሸጥባት ከተማ ያን ቀን አንድ ሻጭ እንኳ አልነበራትም። የመድኃኒት ቤቱ በር ተገንጥሏል። ወንድሜ ግን ወደዚያ አላየም። ከገበያው ጀርባ ወዳለች ትንሽ የቆርቆሮ ሱቅ ወሰደኝ። ሱቋም ተሰብራለች። ከጎረቤት አንዲት ባልቴት በበር ቀዳዳ አይተውን «ሰውየውን ነው? መጀመሪያ መድፍ የተተኮሰ ዕለት ነው የጠፋው። እናንተም ጥፉ ልጆቼ» አሉን።

ወንድሜ ወደ ውስጥ ገባ። መደርደሪያው ባዶ ነው፤ መሬቱ ላይ የተቀደደ ካርቶንና የተሰበረ ጠርሙስ ተበትኗል። ተንበረከከ። አቧራውን በመዳፉ እየሰበሰበ ያሸታል፤ ያሸትና ይበትናል፤ እንደገና ይሰበስባል። የጠርሙስ ስባሪ እጁን ቆረጠው፤ አላወቀውም። ጅቡቲ ድረስ ስንት ኩንታል ጭኖ በልበ ሙሉነት የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ፣ ልጅ ሳለሁ በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ ያሻግረኝ የነበረው ሰው፣ የሱቅ ወለል ያሸታል። በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን ጠበቅሁ።

አንድ ጊዜ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተያየን። ተነሣ። እጁን ሲያይ ደሙን አየ። ነጠላዬን ቀድጄ ጠቀለልኩለትና ወጣን።

በሌላ መንገድ፣ በማሳ ውስጥ ለውስጥ ተመለስን። አንድ ሾላ ጥላ ሥር ስንደርስ ቁጭ አለ።

«ቅድም ያ ሰውዬ አንቺን ቢይዝሽ ኖሮስ?» አለኝ።

«አልያዘኝም።»

«ቢይዝሽስ? እኔ እኮ ይህን ሳላስብ ነው ይዤሽ የወጣሁት። አስቤ ትቼው አይደለም፤ ወላሂ፣ ሐሳቡ ራሱ አልመጣልኝም። ከቤት እስክንወጣ፣ ያ ሰውዬ ክንዴን እስኪይዘኝ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ያቺ ሱቅ ብቻ ነበረች። መምጣት ያለበት ሐሳብ ሳይመጣ ሲቀር አያስፈራም?»

አለቀሰ። ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ክፉ ሰው እንዳልሆነ ልነግረው ፈለግሁ። አንጎል የሚጠቅመንን ነገር የሚመዝንበት ሚዛን አለው፤ ሱስ የሚያበላሸው ሚዛኑን ነው። ልጅም፣ እህትም፣ ነፍስም በአንድ በኩል ተቀምጠው፣ በሌላው በኩል ያለው ቁራጭ ነገር ሚዛን ይደፋል። ይህንን ሁሉ ግን አልነገርኩትም። «አብሽር» ብቻ አልኩት። «እንሂድ፣ እማየ ትጨነቃለች።»

ቤት እንደደረስን ወንድሜ በቀጥታ ወደ አባቴ ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሁሉንም ነገራቸው። እኔ በር ላይ ነበርኩ። አባቴ መቁጠሪያቸውን አቁመው ሰሙት። ሲጨርስ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱት።

«የሚያሰክር ሁሉ አንድ ነው» አሉ። «ቅጠልም ይሁን ጠላ፣ ያው ነው። ይህን አንተም ታውቀዋለህ።»

«አውቃለሁ፣ አባየ።»

«ደግሞ በሽተኛ አይሰደብም። አሁን በሽተኛ ነህ። እህትህ ስንት ጊዜ ይፈጃል አለች?»

«ሳምንታት።»

«እንግዲያ ሶብር ነው፤ መታገሥ ነው። ብቻህን አትቀመጥ። ነገ ከእኔ ጋር ማሽላ ትኮተኩታለህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ከአጠገባቸው አላራቁትም። ሲኮተኩቱ አብሮ ይኮተኩታል፤ ውሃ ሲመልሱ አብሮ ቦይ ይከፍታል። ጉልበት አልነበረውም፤ በየጥቂቱ እየተቀመጠ ያርፋል። እኔ ሳስተምር፣ ሰውነት ሲደክም የዚያ ንጥረ ነገር መጠን ደም ውስጥ ከፍ ይላል፣ ከሩጫ በኋላ የሚሰማን ደስታ አንዱ ምክንያትም እሱ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። አባቴ ይህን ሊያውቁ አይችሉም። ልጃቸውን ብቻውን ላለመተው ያደረጉት ነው። ያም ሆነ ይህ ረድቶታል።

እንቅልፉ በወጉ ሳይመለስ ሕልሙ ተመለሰ። ሐሺሽ የሚያጨስ ሰው ብዙም አያልም፤ ሲያቆም ግን ለዓመታት የታፈነው ሕልም ባንድ ጊዜ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት እየተነሣ ለአባቴ ይነግራቸዋል። ጓደኛው መኪና ውስጥ ሆኖ ሲስቅ ያየዋል፤ በባሕር ላይ ሲነዳ ያያል፤ እናቴ ሕፃን ሆና ታዝላ ያያታል። አባቴ ለእያንዳንዱ ፍቺ አላቸው። አንድ ቀን ግን ፍቺ አልሰጡትም።

«ጓደኛዬን ቀብሬው አደርኩ» አላቸው። «እውነት የቀበርነው ቀን እኔ አላለቀስኩም ነበር። በሕልሜ አለቀስኩ።»

«አላህ ይርሐመው» ብቻ አሉ አባቴ። ከዚያ ሁለቱም መኮትኮቻቸውን አንሥተው ሄዱ።

ማሽላው እሸት ሲደርስ ወንድሜም ዳነ ማለት ይቻላል። አክስቴ የጠበሰችውን እሸት እየፈለፈለ ሲበላ እናቴ ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጠረገች። ጥንቅሽ እየላጠ ይመጥ ነበር፤ «ይህን የመሰለ ጣፋጭ ነገር እስከ ዛሬ አልቀመስኩም» አለኝ። ጥንቅሹ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ጥንቅሽ ነው።

ታጣቂዎቹ ለቀው መንገዱ ሲከፈት ወደ ወልድያ ተመለስኩ። የምሠራበት ቤተ ሙከራ ባዶ ክፍል ሆኖ ጠበቀኝ፤ ማይክሮስኮፖቹ የሉም። የተረፈውን ለቀም ለቀም አድርገን በባዶ ክፍል ማስተማር ጀመርን። ወንድሜም መኪናው ደሴ ተርፎለት ወደ ሥራው ተመለሰ። ሁላችንም ነገሩ አበቃ ብለን ነበር። እኔ ግን ውስጤ ይፈራ ነበር፤ ምክንያቱም በሩ መከፈቱ አንድ ነገር ነው፣ መንገዱን መርሳት ደግሞ ሌላ።

የፈራሁት ደረሰ። አንድ ቀን በስልክ ደወለልኝ።

«አጨስኩ» አለኝ። ሰላምታም አላስቀደመም።

«የት?»

«በረሃ ላይ፣ ያው የምናድርበት ቦታ። ወር ሙሉ ትዝ ብሎኝ አያውቅም፣ ወላሂ። መኪናዬን አቆምኩ፤ የናፍጣው ሽታ፣ የሻይ ቤቱ ሬዲዮ፣ ሙቀቱ፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል። እዚያች ቦታ እግሬን ስዘረጋ አፌ ውስጥ ምራቅ ሞላ። ሰውነቴ ከእኔ ቀድሞ ያውቀዋል። ከዚያ አንዱ ሰጠኝ።»

የሚገርመው ነገር፣ ፍርሃትን የሚያስረሳው ያ ሥርዓት፣ ሽታና ቦታን ከደስታ ጋር አስሮ በማስቀመጥም እጁ አለበት። የሚያስረሳውም የሚያስታውሰውም እሱ ነው። ደግሞ ይህ ለሐሺሽ ብቻ አይደለም፤ ሲጋራውም፣ መጠጡም፣ ሌላውም ዕፅ ቢሆን በየራሱ በር ገብቶ መጨረሻ ላይ እሱን ይነካካል። ይህንን ነገርኩት።

«ታዲያ በሩን ጭርሱኑ የሚዘጋ መድኃኒት የለም?» አለኝ።

«ተሠርቶ ነበር። ሰዎች እንዳይበሉ፣ ሲጋራም እንዳያምራቸው ተብሎ። በሩን ዘጋው፤ ግን የደስታቸውንም በር አብሮ ዘጋ። ሰዎች እየከፋቸው፣ ራሳቸውን ወደ ማጥፋት ሐሳብ እየገቡ ሲመጡ ከገበያ አወጡት።»

ሳቀ። «እሱማ ትኋን ለመግደል ቤት ማቃጠል ነው።» ቀጠለና «ስለዚህ መድኃኒቱ ከዚያ ቦታ መራቅ ነው በይኛ» አለኝ።

«ለጊዜው እሱ ነው።»

እንዳለውም አደረገ። ከባድ መኪናውን ለሌላ ሾፌር አስረክቦ ሚኒባስ ያዘ። ከወልድያ መርሳ፣ ከመርሳ ወልድያ፤ በሲሪንቃ በኩል እየተመላለሰ ማታ ቤቱ ይገባል። የድሮ ጓደኞቹ «ጅቡቲ ድረስ ስትነዳ የነበርክ ሰው አሁን የመርሳ ወያላ ተሳፋሪ ይጥራልህ?» እያሉ ሲያፌዙበት ይስቃል። መጀመሪያ ላይ ሳቁ አፍ ላይ የቀረ ነበር። እያደር ግን ከልቡ ሆነ።

በሚቀጥለው ዓመት ጦርነቱ እንደገና ቆቦ ላይ ሲነሣ ወልድያ ተሸበረች። ሰው እንደገና ፍራሹን ጠቅልሎ ወጣ። ወንድሜ ያን ሰሞን እንቅልፍ አላየም። አረጋውያንን፣ አራስ እናቶችን፣ እግር የሌላቸውን እየጫነ ወደ ደሴ ይወስዳል፤ አውርዶ ባዶውን ይመለሳል። አባቴ በዚህኛው ጊዜ አላስለመኑም፤ በመጀመሪያው ምልልስ ገብተው ተቀመጡ። እኔ በሌላ ምልልስ ከወልድያ ተሳፍሬ፣ ከኋላው ተቀምጬ ነበር። ሲሪንቃን እንዳለፍን ከሩቅ ከባድ መሣሪያ ተሰማ። መኪናው ውስጥ ያለው ሙስሊም ሁሉ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ፤ ክርስቲያኖቹም አማተቡ። የወንድሜን ትከሻ አየሁ። ደነገጠ፤ መሪውን ጨበጥ አደረገ። ጥቂት ከተጓዝን በኋላ ትከሻው ቀስ ብሎ ወረደ። ማንም አላስተዋለውም። እኔ ግን ያቺን ቅጽበት ከዚያ ጦርነት ካየሁት ደግ ነገር ሁሉ አስበልጬ እይዛታለሁ።

አሁን ሰላም ነው፤ ሰላም ከተባለ። ወንድሜ አግብቷል። ሚስቱ ታሪኩን ሁሉ ታውቃለች፤ ራሱ ነው ከኒካሁ በፊት የነገራት። ተፈወስክ ወይ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ካለ «አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ አላጨስኩም» ይላል፤ ከዚያ በላይ አይናገርም። እኔንም በየቀኑ እንዳልጠይቀው ለምኖኛል።

«ሲያምረኝ እነግርሻለሁ» አለኝ። «ዝም ካልኩ ደግሞ እየነዳሁ ነው ማለት ነው።»

አንዳንድ ቀን ይደውላል። ስለ ሐሺሹ አንሥቶ አያውቅም። ወልድያ ሙቀቱ እንዴት ነው፣ ባጃጆቹ መንገድ ዘጉብኝ፣ አንድ ተሳፋሪ ፍየል ይዞ ሊገባ ሲል ተጣላን፣ እያለ ያወራኛል። ለምን እንደደወለ ይገባኛል። እኔም ሥራዬን አቁሜ፣ ፍየሏ መጨረሻ ላይ ተሳፈረች ወይስ ቀረች ብዬ እጠይቀዋለሁ።